ጾም የማትችለው ካሚዮን

ዛሬ ካዛንቺስ የምትሉት ሰፈር ያኔ ገና ስም አልወጣለትም ነበር። ጣሊያን ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት፣ ድንጋይና አሸዋ የተቆለለበት ሜዳ ነው። እኔ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቂርቆስ ሲወርዱ በሚገኝ የካሚዮን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ለጠላት ሠራህ ብሎ የሚወቅሰኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ይውቀሰኝ፤ ግን መጀመሪያ እሱ ያን ጊዜ ምን ይበላ እንደነበር ይንገረኝ።

ከካሚዮኖቹ አንዷ የተለየች ነበረች። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ከወደብ የመጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ ያለከልካል። ለዚህ ብለው ጣሊያኖቹ አየር እየጨመቀ ሞተር ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ገጠሙላት። እነሱ ኮምፕሬሶሬ ይሉታል፤ እኛ ወናፍ አልነው፤ አንጥረኛ ፍም የሚያነድበት ወናፍ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። ስትነዳ ታፏጫለች። እኔ ከሩቅ በፉጨቷ ነበር የማውቃት።

ችግሩ የእኛ እጅ ነው። ሞተር ቤንዚንና አየር በልክ ካልተቀላቀለለት አይሆንለትም። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛና ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ መካኒክ እጁ የለመደው ቤንዚን መቀነስ ነው። «ማስጾም» እንለው ነበር። ጭስ ያየ ሁሉ «አስጹማት እንጂ» ይላል። ሾፌሮቹማ ባሱ፤ ቆጣቢ ለመባል መንገድ ላይ ኮፈን ከፍተው የካርቡራቶሩን፣ የቤንዚንና አየር ማቀላቀያውን፣ ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ ያደርጋሉ። ለሌላው ካሚዮን ደግ ነው። ባለ ወናፏን ግን እንዲያ ካደረጓት አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፣ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተኗ ይቀልጣል። አንዴ ከቆላ ፒስተኗ ተበስቶ፣ በሌላ ካሚዮን ተጎትታ መጥታለች። ጾም የማትችል ፍጥረት ናት ብለን ሳቅን፤ ልማዱ ግን አለቀቀንም።

እናቴ ደሴ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ቀርታ፣ ዓይኗም እየደከመ፣ በጎረቤት ቁራሽ እንደምትኖር ከመንገደኛ ሰማሁ። እኔ ያለ ፈቃድ ከከተማ መውጣት አልችልም፤ ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ ቀና ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። በኋላ የጋራዡ አለቃ፣ እሱም እናቱን አገሩ ጥሎ የመጣ ጣሊያን፣ ራራልኝና ባለ ወናፏ ደሴ ዕቃ አድርሳ ስትመለስ እናቴን እንድታመጣልኝ ፈቀደ። ለዚያ ጉዞ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ካሚዮኗ ወደ ጅማ መንገድ ልትዛወር ነበር። መንገድ ላይ ከቀረች እናቴም እዚያው ቀረች፤ ክረምቱን ብቻዋን እንደማትወጣው ደግሞ ልቤ ያውቀዋል።

የባለ ወናፏ ሾፌር የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ የቂርቆስ ጎረቤቴ ነው። በእጁ ጎበዝ፣ በምላሱ የባሰ። ማስጾምም ይወዳል።

ከመነሳቷ በፊት ድንጋይ ጭነን ከጋራዡ እስከ ቤቶቹ መሥሪያ ድረስ ዳገቱን አወጣናት። ሜዳው ላይ ሐር ነበረች። የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ከሆዷ ኳኳታ ተነሳ።

«ደህና ናት፤ ጭስ የላትም እኮ» አለ ሾፌሩ።

«የሞተም አያጨስም» አልኩት።

ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት። ካንዴላ ማለት የሞተሩ ምላስ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ከመጠን በላይ ጠግቧል፣ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ልክ ነው፣ ከነጣ ተርቧል። የእሷ እንደ አመድ ነጥቷል።

ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች፤ መሃሏ እንደ መርፌ ጫፍ ተበስቷል። ያቺን ቀዳዳ ማስፋት እንጂ መልሶ ማጥበብ የለም፤ ምትክም አልነበረንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ቀጭኗን መሰርሰሪያ በጣቴ እያሽከረከርኩ ነካ አደርጋለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ዳገቱን እንወጣለን፣ ካንዴላውን አያለሁ። እንዲህ ስንል ዋልን። ካንዴላው የተቆላ ገብስ ሲመስል ኳኳታውም ጠፋ።

«በቃ፣ አሁን እጅህን ሰብስብ» አለኝ ሾፌሩ።

አልሰበሰብኩም። ከደብረ ሲና በታች ያለው ቆላ አየሩ ወፍራም ነው፤ ወናፏ እዚያ ስትደርስ ከዚህ የበለጠ አየር ታስገባለች። ስለዚህ እዚህ ልክ የሆነው ቤንዚን እዚያ ረሃብ ነው። አባቴ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ገብሱን የሚያበላው ከቤት ሲነሳ እንጂ ዳገቱ ሥር ደርሶ አልነበረም። ቀዳዳዋን ትንሽ ጨመር አደረግኳት። ሞተሩ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ።

«ምን ነካህ ሰውዬ? ይህን እየተፋሁ ልሂድ? የየተራራው አርበኛ እኮ ያየኛል።»

«ቆላ ስትወርድ ይጠፋል። ደጋ ስትወጣ ይመለሳል። ብቻ ብሎኑን እንዳትነካ።»

«እሺ።»

እሺታው አላማረኝም። ብሎኑን በሽቦ አሰርኩት፤ ግን ሽቦ ምን አላት፣ ትፈታለች። ማልልኝ አልኩት። በእናትህ እንዳልለው እናቱን ቀብሯል።

«በእኔ እናት ማልልኝ» አልኩት።

ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። «በእናትህ ይሁንብኝ። ወላሂ አልነካትም።»

ሄደች። እኔም ፈራሁ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ። ሌላ ሞተር ስፈታ ሐሳቤ የደሴ መንገድ ላይ ነው፤ ብሎን አጥብቄ ማጥበቄን እረሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረዋት የሄዱት ካሚዮኖች ገቡ። እሷ የለችም። ከሾፌሮቹ አንዱን ጠየቅኩት።

«ያቺ ጭሳም?» አለ። «ጣርማበር ዋሻው ውስጥ ከኋላዋ ያለነውን ልትፈጀን ነበር። የጉዞው አዛዥ የሆነው የጣሊያን ወታደር አስቁሟት አልፈናት መጣን።»

ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ረገምኩት። መቼም በሶላቶው ፊት ያስጾማታል፤ ካስጾማት ደግሞ የሚቀጥለው ዳገት ላይ ፒስተኗ መበሳቱ ነው። እናቴ በዚያ ብርድ፣ መንገድ ዳር፣ ዕቃዋን አቅፋ ተቀምጣ ታየችኝ። ማንም እንዳያናግረኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፉጨቷን ሰማሁ። ኳኳታ የለበትም።

ጋራዡ ግቢ ገብታ ቆመች። ሾፌሩ ወረደ፤ ፊቱ ከሰል ነው። በወዲያኛው በር ዞሮ እናቴን ደግፎ አወረዳት፤ እሷም ከሰል ናት፣ ነጠላዋም ከሰል። ሾፌሩ ወደ ውሃው በርሜል ሄደ።

እናቴ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ?»

«ዋሻው ውስጥ ነው ልጄ። ሶላቶው መጣና ጮኸበት፤ ጭሱን አጥፋ ነው መሰለኝ። ይሄ ሰውዬ ወረደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ‘ምን ሆነሃል፣ የሚልህን አድርግለት እንጂ’ አልኩት። ‘አይሆንም እማማ፣ በእርስዎ ምያለሁ’ አለኝ። ሶላቶው በጥፊ መታው። ደገመው። እሱ ክዳኑን ዘግቶ ገባና ነዳ።»

እናቴን ጥላ ሥር አስቀምጬ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ጣሳውን ከእጁ ተቀብዬ ውሃ አፈሰስኩለት። ጥላሸቱ ሲለቅ አንደኛው ጉንጩ አብጦ ነበር።

«ሽቦህን አልፈታኋትም» አለኝ፣ ፊቱን እያሻሸ። «ሂድ፣ እናትህን አብላት።»