ያልተተከለው ችካል

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ ጎሕ መቅደዱ ነው። አጠገቤ ታናሽ ወንድሜ አበባው ተቀምጧል። በእርሻ ትምህርት ተመርቆ ሥራ ሳያገኝ ከርሟል። ዘመኑ ሬዲዮው ጠዋት ማታ «ልማታዊ ባለሀብት» የሚልበት ነው፤ እሱም በርበሬ ሊያለማ ከቡሬ ወዲያ መሬት ተፈቅዶለት ዛሬ ሊረከብ ይሄዳል። እናታችን ፈርታ እኔን አስከተለችኝ።

ማንኩሳ

ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበውታል። ሾፌሩ መድረሻችንን ጠየቀ። አበባው የቀበሌውን ስም ሲነግረው በመስታወቱ ተመለከተን።

«ለግጦሽ መሬቱ ነገር ነው?»

አበባው ባዶ መሬት ነው መባሉን ነገረው። ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ መኪናውን አስነሳ።

ቡሬ፣ ረፋድ

ገበያው በበርበሬ ጆንያ ተሞልቷል፤ ያስነጥሳል። የወረዳው ኃላፊና ቀያሹ ችካልና ገመድ የጫነ ፒክአፕ ይዘው ጠበቁን።

ሜዳው ላይ፣ ቀትር

ባዶ የተባለው መሬት ከብት ሞልቶበታል። ከከብቱ ፊት ወንዶች ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል፤ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል። እንደምን ዋላችሁ ብንል የመለሰልን የለም። በጎጃም ይህ ከስድብ ይከፋል።

ኃላፊው መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ፣ ልማት እንደመጣላቸው ተናገረ። ቀያሹ የመጀመሪያውን ችካል ራሱ እንዲመታ ለአበባው አቀበለው። ዱላ የያዙት ጎበዞች አንድ እርምጃ ቀረቡ።

አበባው ችካሉን እንደያዘ ወደ አንድ ሽማግሌ ዞረ፤ አያ ምሕረት ይሏቸዋል።

«አያ፣ ይህን ባጥረው ከብቱ የት ይገባል?»

«እኛስ የምንጠይቅ ይኸንኑ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «እኛን የጠየቀን ግን የለም።»

አበባው ችካሉን ፒክአፑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ኃላፊው ይህን ከተወ ሌላ መሬት እንዳይጠብቅ በቁጣ ነገረው፤ ከቀያሹ ጋር ፒክአፑ ላይ ወጥተው ጥለውን ሄዱ። በእነዚያ ዱላዎች መካከል ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ኋላ አያ ምሕረት ከሴቶቹ መካከል እትዬ ዘውዲቱን ጠሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ በሬዎቻቸው በበሽታ አልቀዋል፤ ማሳቸው ጦሙን አድሯል። ሽማግሌው በሬ ላውስህ፣ በእኩል እረስላቸው፣ ምርቱን ትካፈላላችሁ አሉት። እትዬ ዘውዲቱ ግን አላመኑትም። ያለፈው እኩል አራሽ አረም ሳይነቅል ጥሏቸው ጠፍቷል።

«ክረምቱን ትዘልቃለህ ወይስ እንደዚያኛው ነህ?»

«ዛሬውኑ እቀራለሁ፣ እትዬ።»

ፍኖተ ሰላም፣ ማታ

ብቻዬን ተመለስኩ። እናታችን በር ላይ ቆማለች።

«ወንድምህስ?»

«ሊያርስ ቀረ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷ ግን በትከሻዬ በኩል መንገዱን ማየቷን አልተወችም። በመጨረሻ ገባች። ለአበባው ስንቅ ገብስ ስትቆላ ሰማኋት።