አይጥ የበላችው ማውዝፒስ

የወንድሜን የሳክስፎን ማውዝፒስ፣ ያችን ከንፈር ላይ የምትነፋዋን ጫፍ፣ አይጥ በላቻት። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የምትሰካበት ቡሽ አላስገባ ሲለው ቅቤ ይቀባዋል። እሑድ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ሰርግ ሊጫወት ተስማምቷል። አዲስ ካልደረሰለት ሰርገኞቹ ከደብረ ታቦር ኦርጋን ሊያስመጡ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራዋል?

ስለዚህ አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ዓርብ ጠዋት ከሙዚቃ ዕቃ ቤት ተገኘሁ። ባለሱቁ ሦስት ደረደረልኝና «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። እኔ የማውቀው የጫማ ቁጥር ነው። ለወንድሜ ደወልኩለት።

«እትዬ፣ አንድ በአንድ ያስነፋልሽ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ባለሱቁ በሱቁ ሳክስፎን ላይ ሰክቶ ነፋ። ወንድሜ ገበያ መሃል ቆሞ ስልኩን ላውድ አድርጎት ኖሯል።

«ምነው፣ ላም አማጠች?» አለ አንዱ ገበያተኛ።

ሁለተኛው ተነፋ። «ይኸንንስ ጉንፋን ይዞታል!»

አጎታችን፣ ከቤተ ልሔም ደብር ዜማ የተማሩት መሪጌታ፣ አጠገቡ ነበሩ። «በዘፈን ዕቃ አታስገባኝ» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። ጆሯቸውን ግን አላዞሩም።

«የፊተኛው ዜማ ግዕዝ ነው፣ ደረቅ። ይኸኛው ዕዝል። ለሰርግ አራራይ ነው የሚሻል» አሉ።

«አራራይ ይኖርዎታል?» አልኩት ባለሱቁን።

«ያለኝ የጃፓን ነው።»

ሦስተኛውን ሊነፋ ሲል ሳል ያዘው፤ አልለቅ አለው።

«እትዬ፣ አንቺው ንፊው! ዕቃውን የሚያመጣልኝ ሾፌር ሊነሳ ነው!»

ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፌ ውኃ አይገባም። ያን ማውዝፒስ ደግሞ ስንቱ ክትፎ በልቶ ነፍቶበት ይሆን?

«የኔታ፣ ጾሜ አይፈርስም?» አልኳቸው አጎቴን።

 

«ንፊ እንጂ አትሳቢ» አሉኝ።

በነጠላዬ ጠረግሁት፤ አማተብኩና ነፋሁ። የባለሱቁ ሳል ቀጥ አለ። በስልኩ ውስጥ የአርብ ገበያ አህዮች አንድ ላይ መለሱልኝ።

«እሷ ናት!» ጮኸ ወንድሜ። «የኔታ፣ አራራይ ናት?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ተቀባዮቿን ጠይቃቸው።»

ገዝቼ፣ በቅቤው ፋንታ ቡሹን የሚያሽበት ቁራጭ ጧፍ ጨምሬ ለሾፌሩ አደረስኩ።

ሰኞ ወንድሜ ደወለልኝ። ሰርጉ ደምቆ ውሏል፤ ለሌላም ሰርግ ጠርተውታል።

«የኔታስ?»

«ከዳሱ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ዋሉ። ስሳሳት ብቻ ዳሱን በመቋሚያቸው ይመቱታል።»