ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ያሰናበትኩ ዕለት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱንም ቁጣውንም እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ለእናንተ የደፈርኩት ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስማዳ ውስጥ ከመኪና መንገድ በራቀ ጤና ጣቢያ ስሠራ ገና ወጣት ነበርኩ። ሰዉ «ሲስተር ልበ ሙሉ ናት፣ ደም አይታ አትደነግጥም» ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። እደነግጣለሁ። ስደነግጥ ፊቴ ድርቅ ይላል፤ እነሱ ያንን እርጋታ አሉት። እኔም ስሙን ወደድኩት።

የውቂያ ሰሞን ነበር። ጥሩዬ የምትባል ሴት ስምንት ጎረቤቶቿ እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም አለ። ጠበቅኩ። አልወጣም። ደሙ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ፊቴ ድርቅ አለ።

በአገሩ ልማድ ተሸካሚዎቹ ካልተሰናበቱ አይሄዱም። ደጅ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ነገሩ ከከፋ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ እስከ መኪናው መንገድ የሚያደርሷት እነሱ ናቸው። ሽማግሌያቸው አያ ሞላ በሩ ድረስ መጥተው፣ «ሲስተር፣ እንቆይ ወይስ እንሂድ? እህሉ አውድማ ላይ ነው፣ ደመናውም አላማረን» አሉኝ።

«ቆዩ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን «ቆዩ» ካልኩ መፍራቴ ሊታወቅብኝ ነው። ፈገግ አልኩ። «ሂዱ፣ ምንም የለም» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ደሙ ገነፈለ። መርፌ ወጋሁ፣ ሆዷን አሸሁ፣ የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩ። ሰው ላክሁባቸው፤ አውድማው ግን ከወንዙ ማዶ ነበር። እስኪመለሱ ጥሩዬ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ካልደነገጥሽ እኔም አልደነግጥም» አለችኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ዘግይተው ደርሰው ተሸከሟት፤ መኪናው መንገድ ሳትደርስ እዚያው ቃሬዛው ላይ አረፈች።

ልቅሶው ላይ «ሲስተርስ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ነው የታገለችላት» ተባለልኝ። አያ ሞላ «ምነው ባልሄድን» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር። በእኔ ጥፋት እሳቸው ሲቃጠሉ እያየሁ ዝም አልኩ።

አሁን የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት ጠርቶኝ፣ በጭንቅ ሰዓት ለማይደናገጥ ሰው የሚስማሙ ሙያዎችን ለተማሪዎች ስዘረዝር ዋልኩ። አምቡላንስ መንዳት፣ እሳት ማጥፋት፣ ማዋለድ። በእርጋታ ነው የተናገርኩት። ሲያልቅ አንዲት ልጅ ቀረበችኝ።

«የጥሩዬ ልጅ ነኝ» አለች። «እማዬን እስከ መጨረሻው ሳይደነግጡ የያዟት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እኔም እንደ እርስዎ መሆን ነው የምፈልገው። ቤትዎ መጥቼ ቢመክሩኝስ?»

«ጎበዝ፣ ሰኞ ነይ» አልኳት። ትከሻዋን መታ መታ ሳደርግ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሰኞ ነገ ነው። እፈራለሁ። ምን ልላት ነው? ልጅ ነበርኩ? ረዳት አልነበረኝም? ረዳቶቹማ ስምንት ሆነው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ልነግራት የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቆዩ» ማለት አፍሬ «ሂዱ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስነግራት ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጠቀጥ፣ ትስማው።