ሐሙሲት የተገኘው ካሴት

በጋዜጠኝነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ደብረ ታቦር አጠገብ የቧንቧ ምርቃት እንድዘግብ ተላክሁ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፤ ውኃ ግን አልመጣም። ሁለቱንም ጻፍሁ። አዘጋጁ የውኃውን ሰረዘው። «ሲመጣ ትጽፈዋለህ» አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደብረ ታቦር ከተማ መምህራን ተሰባስበው በቪዲዮ ካሜራ አንድ አስቂኝ ፊልም ሠሩ። አንድ ሹም ለደረቅ ቧንቧ ሦስት ጊዜ ሪባን ይቆርጣል፤ በአራተኛው መቀሱ ይጠፋና አፈላላጊ ኮሚቴ ይቋቋማል። ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ አንድ ሰሞን ታይቶ ጠፋ።

ባጃጅ ከተማውን ከሞላው በኋላ የድሮ ካሴት ሰብሳቢዎች ያፈላልጉት ጀመር። ቀልዱን ብቻ ብለው አይደለም፤ ኋላ የፈረሱት ሱቆችና የድሮው ገበያ ከዚያ በቀር የትም አይታዩም።

አንድ ቅጂ ሐሙሲት ከተማ እንዳለ ሰማሁ። ባለቤቱ አያ ጥጋቡ ቀድሞ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ካሴቱን ከፈቱልኝ፤ ሩብ ሰዓት ያህል አየሁ፤ ጥራቱ ደኅና ነው። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተነሣሁና «ሙሉ ቅጂ ተገኘ» ብዬ ጻፍሁ።

በሳምንቱ ሳምሶን የሚባል ሰብሳቢ ጋዜጣውን ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ፊልሙን ስምንት ዓመት ፈልጎታል። ሐሙሲት ወሰድሁት፤ ሦስታችን ተቀምጠን አየን። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲል ድንገት ድንኳን ታየ፤ ሙሽራ ገባች።

ሳምሶን ከት ብሎ ሳቀ። «ሰርግም አለበት እንዴ? ያ ሥጋ በእጁ ይዞ ንግግር የሚያደርገው ሰውዬ እንዴት ያለ ተዋናይ ነው።»

«ተዋናይ አይደለም፤ አማቼ ነው» አሉ አያ ጥጋቡ። «የልጄ ሰርግ ነው። ያኔ ባዶ ካሴት ከየት ይመጣል? የማይከራየውን መርጠን ቀረጽንበት።»

«ፊልሙስ መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም። ድግሱ ረጅም ነበር።»

ሳምሶን ወደ እኔ ዞረ። «ሙሉ ነው ብለህ ጽፈሃል።»

«ሩብ ሰዓት ነው ያየሁት» አልሁት።

«እኔን ቢጠይቀኝ በነገርሁት» አሉ አያ ጥጋቡ። «ካሴቱ አለ ወይ አለኝ፤ አለ አልሁት።»

ሳምሶን ካሴቱን እንዲሸጡለት ለመነ። አያ ጥጋቡ የልጃቸውን ሰርግ እንደማይሸጡ ነገሩት። «ሰርጉን ሳትቆርጥ ከሆነ ግን ቅዳው» አሉት። ከነሰርጉ ቀድቶ ሄደ።

ማረሚያውን ራሴ ጻፍሁ። አዘጋጁ «በከፊል ተጎድቷል ብንል አይበቃም?» አለኝ።

«አልተጎዳም፤ ሰርግ ተቀርጾበታል» አልሁት። እንደዚያው ወጣ።

ፊልም ሙሉ ነው ብሎ ለመጻፍ እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል።