የስልክ ቤቱ መለኪያ እና የጋሼ ሞተር ሳይክል

ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኔ ሆሳዕና ስልክ ቤት እሠራ ነበር፤ የታላቅ እህቴ ባል ደግሞ የአገረ ገዢው ጸሐፊ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደው ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ሞተር ሳይክል ገዝተው መጡ።

ከመንገዱ እኩሌታውን ሞተሯ እሳቸውን ተሸክማ፣ እኩሌታውን እሳቸው ሞተሯን ገፍተው ነው የደረሱት። ያን ቀን ግን ይህን አልነገሩንም። ከከተማው በላይ ካለው ቁልቁለት ጫፍ ላይ አቧራዋን ጠርገው ተቀመጡባትና፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ባርኔጣቸውን ወዲያና ወዲህ እያነሱ ተንሸራተው ገቡ። ከበር የወጣው ሰው ሁሉ ድምፅ የሌለው መኪና መጣ ብሎ ተደነቀ።

ድምፅ አልባነቷ ለምን እንደሆነ በሳምንቱ ታወቀ። ጋሼ ደብዳቤ ይዘው ወደ ዱራሜ ይነሳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ጥሩ ትሄድና አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል ብላ ቀጥ ትላለች። ከኋላቸው የተነሱ ባለ በቅሎዎች ይደርሱባቸዋል፤ በትህትና ሰላምታ ሰጥተው ያልፏቸዋል። ያ ሰላምታ ነበር ጋሼን የሚያቃጥላቸው።

እህቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «በቅሎዋስ ገብስ ስትበላ ትሄዳለች። ይቺኛዋ ምን እንደጎደለባት በምን ይታወቃል?» አለች።

እሷ ለማሾፍ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ምሳዬን አቋርጬ ተነሳሁ። የጎደለባትን የሚናገር ዕቃ ስልክ ቤት ውስጥ ነበረኝ። መስመር የዘረጋው ባለሙያ የኤሌክትሪኩን ኃይል እንድፈትሽበት ትቶልኝ የሄደ፣ ከመስተዋቱ ሥር አንዲት ቀጭን መርፌ ያለችው መለኪያ ነው።

ሞተሯን ፈትሼ ነገሩን ለጋሼ አስረዳኋቸው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚመጣው ከባትሪው ነው። ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ ዲናሞ የሚባለው፣ ሞተሩ በጠፍር የሚያዞረው ዕቃ ነው። ዲናሞው የሚሰጠው ከሚወጣው ካነሰ ባትሪው ይሟጠጣል፤ እሷም ትቆማለች።

«እንግዲህ እየሄድን እናያታለን» አልኳቸው። «መርፌዋ ወደ ቀኝ ካለች ባትሪው እየተቀበለ ነው። ወደ ግራ ካለች እየተበላ ነው።»

በፎንቆ የገበያ ቀን ወጣን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ መለኪያውን በሆዴና በጋሼ ጀርባ መካከል አጣብቄ ይዣለሁ። ሁለት ሽቦዎች ከኮርቻው ሥር ወጥተው ጉያዬ ይገባሉ። እርሳስና ወረቀት ይዤ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የጻፍኩትን በኋላ እኔም ላነበው አልቻልኩም። ያየሁት ግን አይረሳኝም። ሜዳ ላይ ፈጠን ስንል መርፌዋ ጥቂት ወደ ቀኝ ትላለች። ጉድጓድና ዳገት ሲመጣ ቀስ ስንል ወደ ግራ ትመለሳለች። ጋሼ ደግሞ ለገበያተኛው ሁሉ ጥሩምባ ያሰማሉ፤ በእያንዳንዱ ጥሩምባ መርፌዋ እንደተደናገጠች ዶሮ ወደ ግራ ትዘላለች። ከዚያ በላይ የገረመኝ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የፊት መብራታቸውን አብርተው መሄዳቸው ነው።

ፎንቆ ስንደርስ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

«ጋሼ፣ መብራቱ... በቀን ያስፈልጋል?»

«ሰው ከሩቅ እንዲያውቀኝ ነዋ!»

«ያውቅዎታል። በዚህ አገር ሌላ ሞተር ሳይክል የለም።»

መብራቱን አጠፉ። «ጥሩምባውስ?» አሉ፣ እንደተከሰሰ ሰው።

«እሱም ይበላል።»

ሁለት ሳምንት ያለ መብራትና ያለ ጥሩምባ ሄዱ። ለእሳቸው ትልቅ ጾም ነበር። ሞተሯም ተሻላት፤ አንድ ሰዓት ትሄድ የነበረችው ሁለት ሰዓት መሄድ ጀመረች። ዱራሜ ግን አሁንም አታደርስም። መንገዳችን ወይ ድንጋይ ነው ወይ አቀበት፤ ዲናሞው ደግሞ በለሰለሰ መንገድ ለሚበር ሰው የተሠራ ነው። እኛ በምንሄድበት ፍጥነት ባትሪውን የሚያጠግብ ዙር አይዞርም። ስለዚህ እኛ ሳንፈጥን እሱ እንዲፈጥን ማድረግ ነበረብን። መላው ጠፍሩ የሚያርፍበትን የዲናሞውን መንኮራኩር በትንሽ መንኮራኩር መለወጥ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ደግሞ ከከተማው ዳር የሚኖረው የሃዲያ ብረት ቀጥቃጭ ብቻ ነበር።

ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። በዚያን ጊዜ የእኛ ዓይነት ሰው ማረሻ ወይም ቢላዋ ሲያሠራ ቀጥቃጩን ደጅ ያስጠራዋል እንጂ ቤቱ አይሄድም። ሲነጋገርም ራቅ ብሎ ቆሞ ነው። ይህን ሁላችንም እንደ ደንብ ይዘነው አድገናል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ይምጣና እዚህ ይሥራው» አሉ።

«ወናፉን ተሸክሞ ይምጣ?»

ሄድን። ቀጥቃጩ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ማስረዳት ስጀምር በእጁ ዝም አሰኘኝና ተንበርክኮ የሞተሩን መንኮራኩር በጣቱ አንድ ጊዜ አዞረ፤ የዲናሞው ስንት ጊዜ እንደሚዞር በዓይኑ ተከተለ። ደግሞ አዞረ።

«ትልቁ አንድ ሲዞር ይሄ አንድ ተኩል ይዞራል» አለ። «ሦስት እንዲዞር ነው የምትፈልጉት?»

እኔ ለማስረዳት ያሰብኩትን እሱ ጨርሶት ነበር። «ሁለት ተኩል ይበቃናል» አልኩት።

የመጀመሪያውን ሠርቶ ሰጠን፤ ወደ አዲሎ ስንሄድ መሃሉ ስላልተስተካከለ ጠፍሩ ተፈትልኮ ወጣና ጢሻ ገባ። ግማሽ ቀን ስንፈልገው ዋልን። ጋሼ ተቆጥተው መጡ። ቀጥቃጩ ግን መንኮራኩሩን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳና፣ «መሃሉን በዓይን ነው የገመትኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። በክር እለካዋለሁ» አለ። ጥፋቱን እንዲህ በቀላሉ ሲያምን የጋሼ ቁጣ በረደ። ሲሠራ አጠገቡ ግንድ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ኮታቸውን አውልቀው ወናፉን እያናፉለት አገኘኋቸው።

ሁለተኛው መንኮራኩር ልክ ገባ። ዳገት ላይ እንኳ መርፌዋ ወደ ቀኝ ጋደል ብላ ተቀመጠች። ከደስታዬ ብዛት የጋሼን ጀርባ በጡጫ መታሁ፤ እሳቸውም አልተቆጡም። ችግሩ ሜዳው ላይ መጣ። መርፌዋ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ባትሪው ከመጠን በላይ ጠግቦ መፍላት ጀመረ። የተረጨው አሲድ የጋሼን ሱሪ ከጉልበቱ በላይ በላው። ቀዳዳውን ሲያዩ ተናደዱ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ትርፉን በምን እናጥፋው?»

«ሜዳ ላይ ሲደርሱ መብራቱን ያብሩ» አልኳቸው፣ እያፈርኩ።

«በቀን?»

«በቀን።»

ከዚያ ወዲያ ዱራሜ ሳንቆም ደረስን። እንዲያውም ቀድመን ደረስን። የዱራሜው ጸሐፊ ደብዳቤው በማግስቱ እንደሚደርስ ለምዶ ኖሮ ለቅሶ ሄዷል። እሱ እስኪመጣ ድረስ ደጁ ላይ ተቀምጠን የሰው ጥያቄ ስንመልስ ዋልን።

ጋሼ ቀጥቃጩን፣ «ምን ላድርግልህ?» ብለው ጠየቁት። የሠራበትን ተቀብሏል፤ ይህ ከዚያ ውጭ ነው።

ቀጥቃጩ መሬት መሬቱን አየ። «ፎንቆ ገበያ ውሰደኝ» አለ። «በቀን። ሰው እያየ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዘወር አሉ። ምን እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። የአገረ ገዢው ጸሐፊ ቀጥቃጭ አዝለው በገበያ መሃል! ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱና፣ «ገበያው ሐሙስ አይደል? በጠዋት እመጣለሁ» አሉት።

እኔ በበቅሎ ተከተልኳቸው። ስደርስ ሞተሯ በገበያው መሃል ቆማለች። ቀጥቃጩ አዲስ የታጠበ ጋቢውን አስተካክሎ ከጎኗ ቆሟል፤ ሰው ከቧቸዋል። ጋሼ ዲናሞውን እያሳዩ፣ «ይህን የሠራልኝ እሱ ነው። አዲስ አበባም እንዲህ አይሠሩትም» ይላሉ። አንድ ያወቃቸው ነጋዴ ሊያሾፍ አፉን ከፈተ፤ ጋሼ ትክ ብለው ሲያዩት ወደ ዕቃው ተመለሰ። ማረሻ ሲያሠሩ አጥር ውጪ ከሚቆሙት ሰዎች ሁለቱ ግን ቀርበው የቀጥቃጩን እጅ ሲጨብጡ አይቻለሁ።

ሲመለሱ ጋሼ በቀጥታ ወደ ቤት ይዘውት መጡ። እህቴ በር ላይ አየችው። አንድ አፍታ ጋሼን አየች፤ ከዚያ ማስታጠቢያውን አንስታ ራሷ አስታጠበችው፤ ሁላችንም ከአንድ መሶብ በላን።

«የልብስ ሳጥኔ ቁልፍ ከፋሲካ ወዲህ እምቢ ብሎኛል» አለች እህቴ በመሃል። «ታየው ይሆን?»

«ከባድ ነው ሳጥኑ?»

«ቁልፉ ይነቀላል።»

«እንግዲያስ ነገ አምጪው፣ እመቤቴ» አለና ጉርሻውን ቀጠለ።

በማግስቱ ሠራተኛ አልላከችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ፣ ራሷ ይዛ ሄደች።