ባሮ ዳር ሁለቱንም ወገን ያስቆጣሁበት ድርድር

ዓለም ተለውጧል ተባለና የእኛ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍልም ፈተናውን ለወጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ የስምምነት አንቀጽ ስሸመድድ ኖሬ፣ ለመመረቅ አንድ ኮርስ ሲቀረኝ መምህራችን የወረቀት ፈተና ቀርቷል አሉ። እያንዳንዳችን ከተማ ውስጥ እውነተኛ ጠብ ፈልገን እንድናስታርቅ አዘዙ፤ እስከ ዓርብ የሁለቱን ወገን ፊርማ ያላመጣ አይመረቅም። በጣም ተናደድኩ።

ጠብ እንኳ ሩቅ አልነበረም። ባሮ ወንዝ ዳር ከላይ በኩል ሹፌሮች ባጃጅ ያጥባሉ፤ ጭቃውና ዘይቱ ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ላይ ይወርዳል። ከሴቶቹ ዋናዋ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያናችን ኳየር የተዋስኩትን ጥቁር ኮት በዚያ ሙቀት ለብሼ ወረድኩና አክስቴን «የታችኛው ተፋሰስ ተወካይ» ብዬ ጠራኋት። የተጠበሰ ዓሣ ሰጠችኝ። ሀንድአውታችን አደራዳሪ ከማንም ምንም አይቀበልም ስለሚል እጄን ሰበሰብኩ።

«እኔ አሳደግኩሽ። ዛሬ የእኔ ዓሣ ይሸታል?» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አንዱ ሹፌር ለስላሳ ሲያቀርብልኝም እምቢ አልኩ። እሱም ተቀየመ። ወዲያው ሁለቱ ስለ እኔ ኩራት ማውራት ጀመሩ፤ ዓሣውን እሱ በላ፣ ለስላሳውን እሷ ጠጣች። እኔ ያረቀቅኩትን አሥራ ሁለት አንቀጽ ይዤ በላብ ስጠመቅ፣ እነሱ ጠዋት ልብስ፣ ከሰዓት ባጃጅ ይታጠብ ብለው ጨረሱ። ፈርሙልኝ ብል፣ ለተስማማነው ነገር ፊርማ ምን ያደርጋል ብለው ሳቁብኝ።

ዓርብ ባዶ እጄን መምህሬ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ታሪኩን ስላላመኑኝ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወረድን። ሴቶቹ ያጥባሉ፤ አንድም ባጃጅ የለም። መምህሬ ልጅቷ እንዴት አስታረቀቻችሁ ብለው አክስቴን ጠየቋት። እሷ ወደ እኔ ሳታይ መለሰች።

«ሁለታችንም በእሷ ተናደድን። ከዚያ ተስማማን።»

መምህሬ ይህን ቃል በቃል ጻፉና አሳለፉኝ። በዓመቱ ሀንድአውት ላይም አደራዳሪ እንደ አስፈላጊነቱ ሁለቱንም ወገን ሊያስቆጣ ይችላል የሚል አዲስ ስልት ገባ። እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ አክስቴ አላናግር ብላኝ ከረምኩ። በመጨረሻ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁባት ያንኑ የባጃጅ ሹፌር ነው።