የአካኮ ጆሮ

«እማዬ፣ የስልኩ ተረት መቶ ጊዜ ብከፍተው መጨረሻው ያው ነው። ያንቺ ግን ለምን ሁልጊዜ ይቀያየራል?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሲፈን ናት። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጥያቄ ከያዘች አትለቅም። ዓርብ ማታ ነበር፣ እራት በልተን እኔ ሳህን ሳጥብ እሷ አጠገቤ ቆማ ታደርቅልኛለች። «ባለፈው ቤት ውስጥ ያለው ጅብ ነው አልሽ» አለችኝ በጣቷ እየቆጠረች። «ከዚያ በፊት ሕልም ነው አልሽ። ዛሬ ደግሞ መንታ እህቷ ናት አልሽ። የቱ ነው እውነቱ?»

ተረት እኮ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች እንደዚያ ማለት ከበደኝ። እጄን በቀሚሴ ጠራረግኩና «መጨረሻውን ስለማላውቀው ነው» አልኳት።

«ታዲያ የነገረሽን ሰው ለምን አልጠየቅሽውም?»

 የታጠበውን ሳህን መልሼ አጠብኩት።

እኔ ከሲፈን ትንሽ ከፍ ብዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ገደማ ሳለ፣ የምንኖረው ባኮ ነበር። ባኮ ሞቃት አገር ናት፤ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ምሽቱ ደስ ስለሚል ሰው ቶሎ ብሎ ቤቱ አይገባም። ያኔ በጎረቤታችን በአዴ በሻቱ ግቢ ውስጥ የደረቀ በቆሎ እንደ ጉብታ ይከመርና፣ ከጎኑ ሰሌን ተነጥፎ፣ የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ እየተሰበሰብን እንፈለፍል ነበር። ፍሬው የረገፈለትን ባዶ ቆረቆንዳ ወደ ጎን እንጥላለን፤ ከእሱም ጥቂቱ እሳት ላይ ይጨመርና ጭሱ ትንኙን ያባርርልናል። ፍሙ ሲደበዝዝ የኩራዟ ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ በአስፋልቱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሲኖር ደግሞ መብራቱ አጥሩን ሰንጥቆ ገብቶ፣ ፊታችንን አንድ ጊዜ አሳይቶን ይሄዳል። ኑ ብሎ የሚጠራን ሰው አልነበረም። ለተረቱ ስንል ነበር የምንመጣው።

ተረቱን የሚነግሩን የአዴ በሻቱ አባት ኦቦ ሞሲሳ ነበሩ፤ በኦሮምኛ «አዴ» እትዬ፣ «ኦቦ» አቶ ማለት ነው። ሁላችንም «አካኮ» ነበር የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ያኔ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም ነበር። ማረሱም ከብት ማገዱም ቀርቶባቸው፣ ባሏ በሞተባት ልጃቸው ቤት የቀረቻቸው ሥራ ይህች ብቻ ነበረች፤ ልጆቹን በተረት ይዘው በቆሎውን ማስፈልፈል። ሕጋቸውም አንድ ነበር። እጃችን እስከሠራ ድረስ ይነግሩናል፤ እጃችን ከቆመ እሳቸውም ይቆማሉ።

እኔን በጣም ይገርመኝ የነበረው፣ የማን እጅ እንደቆመ ማወቃቸው ነው። ወሬው መሃል ድንገት ዝም ይሉና «ጫልቱ፣ እጅሽን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» ይላሉ። እውነትም ጫልቱ፣ የአዴ በሻቱ ልጅ፣ አፏን ከፍታ በቆሎውን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «ሰና ቦዳ፣ አካኮ? ከዚያስ?» እንላቸዋለን፤ «ስትፈለፍሉ ትዝ ይለኛል» ይሉናል። እንዴት እንደሚለዩን ለማወቅ አንድ ማታ እኔና ጫልቱ ድምፅ ሳናሰማ ቦታ ተቀያየርን። አካኮ ጥቂት አዳመጡና «ይቺማ አያንቱ ናት፤ ለአውራ ጣቷ ታዝንለታለች» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጸሎት ስንጸልይ እግዚአብሔር የሚሰማን እንደ አካኮ ሆኖ ነበር የሚታየኝ።

ልጄ የምትጠይቀኝ ያ ተረት እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ የቤታቸው እሳት ጠፍቶ ከጎረቤት ፍም እንድታመጣ እናቷ በሸክላ ስባሪ ትልካታለች። የጎረቤቱም ጠፍቷል፣ የዚያኛውም ጠፍቷል። ብርሃን የሚታየው ማዶ ኮረብታው ላይ ካለ አንድ ቤት ብቻ ነው። ስትደርስ አንዲት አሮጊት «ቤት የሚጠብቅሽን ሰው ስም ንገሪኝና እሳት እሰጥሻለሁ» ትላታለች። ልጅቷ የእናቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ መጨረሻ ላይም የራሷን ስም ትነግራታለች። ፍሙን ይዛ፣ እፍ እያለች፣ መንገዱን ሁሉ ሮጣ ቤቷ ትደርሳለች። በሩን ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ግን ከውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች፤ ከእናቷ ጋር እየሳቀች ስትጫወት።

አካኮ እዚህ ላይ አቁመው «የነገ ሰው ይበለን» አሉና ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። እኛ ጮህን፣ ለመንን፣ እግራቸውን ያዝን። አልሆነም።

ነገር ግን ያን ማታ እኔ ሌላም ሥራ ሠርቼ ነበር። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ ያቃጥለኛል፣ ተረቱ ደግሞ እንዲቆም አልፈልግም። ሁለት ባዶ ቆረቆንዳ እርስ በርስ ሲታሹ ድምፁ ከመፈልፈል ጋር ቁርጥ አንድ መሆኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ ከሰሌኑ ላይ ጭብጥ ፍሬ አንስቶ መልሶ ማፍሰስ ብቻ ነው የሚጨመርበት። መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩት። አካኮ ምንም አላሉም። ቀጥሎ ለጫልቱ በዓይኔ አሳየኋት፤ ቀጥሎ ሁሉም አወቀው። ያልፈለፈልነውን በቆሎ ከባዶው ቆረቆንዳ ክምር ሥር እየሸጎጥን፣ አፋችንን በእጃችን አፍነን እየሳቅን፣ ግማሹን ምሽት ባዶ ለባዶ ስናሽ አመሸን። አዴ በሻቱ ጓዳ ራት እየሠሩ ነበር፤ ወጥተው ሲያዩት የበቆሎው ክምር አልቋል።

ጠዋት የጭነት መኪና ይመጣል። የሰፈሩ ሰው የተፈለፈለ በቆሎውን በአንድ ላይ የሚያስጭነው በዚያ መኪና ነበር፤ ካለፈ ደግሞ እስኪመለስ በቆሎው ነቀዝ ይጠብቀዋል። አዴ በሻቱ እሳት ሊያነዱ ከባዶው ክምር ቆረቆንዳ ሲያነሡ፣ ከሥሩ ፍሬው ያልተነካ በቆሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ። መኪናው መንገድ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሳቸው ባዶ ጆንያ በእጃቸው ይዘው ግቢው መሃል ቆሙ። እኔና ጫልቱ ከአጥሩ ሥር ነበርን።

«አባዬ፣ ትናንት ምን ሲያደርጉ ነው ያመሹት?» አሏቸው።

«ሳስፈለፍል» አሉ አካኮ። «ሰምቻለሁ እኮ። አንዳቸውም አልቆሙም።»

«ሰምቻለሁ ይሉኛል! እንግዲያው ጆሮዎም ሄዷል ማለት ነው።»

አካኮ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጆሯቸው ወሰዱት። መኪናው የሌሎቹን ጭኖ ሄደ።

እኛ ነን ማለት ነበረብኝ። ጫልቱ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ያኔ የፈራሁት አርጩሜ ነው፤ አካኮ ላይ ምን እየሆነ እንደነበር አልገባኝም። በማግስቱ ማታ መጥተን ተቀመጥን፤ ከጥፋታችን የተነሣ ጣታችን እስኪላጥ ከምር ፈለፈልን፣ ግቢው እስኪሰማ። አካኮ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና «እጃችሁን አልሰማም» አሉ። «አካኮ፣ እየፈለፈልን ነው!» አልን። «ይሆናል» አሉ። ተረቱን አልቀጠሉም። በሌላውም ቀን አልቀጠሉም። ቆይቶ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጫልቱን ጠርተው «ይሄ ዝናብ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?» ብለው ሲጠይቋት በጆሮዬ ሰማሁ። በዓመቱ አዴ በሻቱ አባታቸውን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው እጃጂ ሄዱ። እኛም ወደ አምቦ መጣን። አካኮ እዚያው እጃጂ አረፉ።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ይዤ፣ ትዳር ይዤ፣ ስወልድ፣ ያ ተረት አብሮኝ ነበር። መጨረሻውን ስለማላውቀው እኔ እየፈጠርኩ ጨመርኩበት። ቤት ውስጥ ያለውን ጅብ ያደረግኩበትን፣ ልጄ ትልቅ ስትሆን ሰው እንዳታምን ያደርጋታል ብዬ ፈርቼ ተውኩት፤ ሕልም ሳደርገው ደግሞ ለራሴ ቀለለብኝ። አዴ በሻቱን በእነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሁለቴ ለቅሶ ላይ፣ አንዴ ሠርግ ላይ። ሦስቱንም ጊዜ ጉንጫቸውን ስሜ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ለእግዚአብሔር ተናዝዤዋለሁ፣ ይቅር እንዳለኝም አምናለሁ። ግን እግዚአብሔርማ ድሮም ያውቅ ነበር። የማያውቁት አዴ በሻቱ ናቸው።

ከአካኮ ምን ቀረልኝ ብዬ ሳስብ፣ ተረቶቻቸውን አብዛኛውን ረስቻቸዋለሁ። የቀረኝ መሰማቴ ነው። አንድ ሰው ሳያየኝ፣ ከስምንት ልጆች መሃል፣ ያቺ ለአውራ ጣቷ የምትሳሳው ናት ብሎ ለየኝ። እኔ ደግሞ አካኮ ያንኑ ጆሯቸውን እንዲጠራጠሩት አደረግኩ። ዓርብ ማታ ሲፈን ከተኛች በኋላ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ፤ ስነሣ የሲፈንን ሹራብ አውጥቼ አዘጋጀሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሲፈንን ሹራብ አለበስኳትና ከአምቦ መነኸሪያ የእጃጂ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጌዶ ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፤ እኔ ውስጥ ውስጡን የምናገረውን አዘጋጃለሁ፣ እሷ ጣቷ እስኪቀዘቅዝ መስኮቱ ላይ ትስላለች። እጃጂ ስንወርድ አዴ በሻቱ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር።

«አያንቱ! ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ምነው በጠዋቱ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፣ አዴ። የቆየ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ፣ አስደነገጥሽኝ።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «የአካኮ ጆሮ ደህና ነበር» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶ ቆረቆንዳውን፣ ጭብጥ ፍሬውን፣ ከክምሩ ሥር የሸጎጥነውን። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ጫልቱም?»

«ጫልቱም ነበረች። መላው ግን የእኔ ነው።»

የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አስቀመጡ። «እስኪሞቱ ድረስ ስጮኽባቸው ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «አይሰሙም ብዬ። ‹አባዬ፣ ምሳ ደረሰ!› ስል ጎረቤቱ የምንጣላ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ‹አትጩኺብኝ› ብለውኝ አያውቁም እኮ።» ሳቅ ጀመራቸው፤ ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠና ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው «አይ፣ ደግ አደረግሽ» አሉ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሲፈን እስከዚያ እንዴት እንደታገሠች አላውቅም። «አዴ፣ ልጅቷ በሩን ከፈተችው?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«የተረቷ! እሳት የያዘችው!»

አዴ በሻቱ እኔን አዩኝ። «እኔማ ሁልጊዜ ጓዳ ነበርኩ» አሉ። «ከአባቴ ተረት የሚደርሰኝ የእናንተ ሳቅ ብቻ ነበር። እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

በርጩማውን ሳብ አድርጌ ተጠጋኋቸው። አካኮ ይናገሩበት በነበረው ኦሮምኛ፣ እንደ እሳቸው ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፤ ስለ ጠፋው እሳት፣ ስለ ኮረብታው ቤት፣ አሮጊቷ ስለጠየቀቻት ስም፣ እፍ እያለች ስለሮጠችበት መንገድ። ልጅቷን በሩ ላይ አደረስኳት። እጇን ዘረጋች፣ ከውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች። ሲፈን አፍ አፌን እያየች ትጠብቃለች፤ አዴ በሻቱም ይጠብቃሉ።

«አባትዎ የነገሩን እስከዚህ ነው» አልኳቸው።